ስክራፕ-አይረንን ይዤ ከረምኩ፦ ስለ ተዘነጋው የኮብራ ሚሳይል ሞካሪ

የጂ አይ ጆ አሻንጉሊቶችን ለሚሰበስብ ሰው እ.ኤ.አ. 1984 ልዩ ዓመት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ለጠላት ጎራው ለኮብራ፣ በካርቶን ላይ ታሽገው በነጠላ የሚሸጡ አራት አዳዲስ ሰዎች ተጨመሩለት፤ ነጭ ለባሹ ኒንጃ ስቶርም ሻዶው፣ ፊቱን ሸፍኖ በፈንጂ የሚያሸብረው ፋየርፍላይ፣ ጥቁር ለብሳ መነጽር ያደረገችው ባሮነስ፣ አራተኛው ደግሞ ስክራፕ-አይረን። ሦስቱን ጂ አይ ጆን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው እንኳ ይጠራቸዋል። ፊልም ላይ ወጥተዋል፣ በየጊዜው በአዲስ መልክ ይሠራሉ፣ አሮጌዎቹም በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። ስክራፕ-አይረንን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ይህን አሻንጉሊት ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። መደርደሪያ ላይ አቁሜ አልተውኩትም። ፈታትቼ ጠግኜዋለሁ፣ ከልጄ ጋር ምንጣፍ ላይ ተጫውተንበታል፣ ከሌሎቹ የኮብራ ሰዎች ጋር አሰልፌ ፎቶ አንስቼዋለሁ። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቴን ላስከትል፦ ከአራቱ ውስጥ እጅ ላይ ሲገባ ብዙ የሚያጫውተው፣ ዕድሜውንም በደንብ የተሸከመው እሱ ነው። ሌሎቹን ስለምጠላ አይደለም፤ ሦስቱም አሉኝ፣ እወዳቸዋለሁም። ነገር ግን እነሱ የሚታዩ ናቸው፣ እሱ የሚሠራበት ነው።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ልበል። ጂ አይ ጆ የሮድ አይላንዱ ሃስብሮ በ1964 ያወጣው ወታደር አሻንጉሊት ነው፤ ያኔ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ የጨርቅ ልብስ የሚለብስ ነበር። እኛ በብዛት የምንሰበስበው በ1982 እንደ አዲስ የተጀመረውን ነው። ቁመቱ ወደ 9.5 ሴንቲ ሜትር ወርዶ፣ ልብሱ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ በፕላስቲክ ተቀርጾ፣ ታንኩና ጂፑ ተከትለውት መጡ። ማርቭል የተባለው አሳታሚ ጎን ለጎን ኮሚክሱን፣ ማለትም በሥዕል የሚተረከውን ታሪክ፣ ማሳተም ጀመረ፤ ጀግኖቹ የሚዋጉት ጠላት ይኑር፣ እሱም ኮብራ ይባል የሚለው ሐሳብ የፈለቀው ከማርቭል ወገን ነው። የኮሚክሱ ጸሐፊ ላሪ ሃማ ራሱ በቬትናም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ጦር የመሐንዲስ ክፍል ያገለገለ ሰው ሲሆን፣ በየካርቶኑ ጀርባ እየተቆረጠ የሚቀመጠውን የማንነት ካርድም ይጽፍ ነበር። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የውትድርና ሙያ፣ ጠባይ። ቁራጭ ፕላስቲክን ሰው ያደረጉት እነዚያ ካርዶች ናቸው።

የስክራፕ-አይረን ካርድ ለእኔ በተከታታዩ ውስጥ ካሉት ምርጦች አንዱ ነው። ስለ ሰውየው የሚታወቀው ትንሽ ነው፤ ስሙም ከየት እንደመጣም አይታወቅም። የሚታወቀው አሠሪው ነው። ደሞዙን የሚከፍለው ዴስትሮ ነው፤ ያ ፊቱን በብረት ጭምብል የሸፈነ፣ ማርስ የተባለ ኩባንያ ያለው ስኮትላንዳዊ የጦር መሣሪያ ነጋዴ። የስክራፕ-አይረን ሥራ ከርቀት የሚተኮሱ፣ በሌዘር የሚመሩ ፀረ-ብረት ለበስ ሚሳይሎችን መሞከርና ማሻሻል ነው። ጠባዩ ደግሞ ጉድለት ያለበትን ነገር ሁሉ መጸየፍ፣ ጉድለትን ለማጥፋት ሲል የትም ድረስ መሄድ ነው።

ይህን ከሌሎቹ የኮብራ ሰዎች ጋር አስተያዩት። የቡድኑ መሪ ኮብራ ኮማንደር ዓለምን መግዛት ይፈልጋል። ስቶርም ሻዶው የቤተሰብ ቂም አለው። ፋየርፍላይ ለገንዘብ ይሠራል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሰወራል። ስክራፕ-አይረን ማንንም አይጠላም። ፊት ለፊቱ ያለው ታንክ የማን እንደሆነ ግድ አይሰጠውም፤ የሚያሳስበው ሚሳይሉ በታሰበለት ቦታ መምታቱና ብረቱን በታሰበው መጠን መብሳቱ ነው። በታንኩ ውስጥ ያለው ሰው በሂሳቡ ውስጥ የለም። ለልጆች በተሠራ አሻንጉሊት ላይ እንዲህ ያለ ክፋት ተጽፎ ማግኘት ይገርመኛል፤ እውነተኛ ስለሆነ። ጦርነትን እንደ መሞከሪያ ሜዳና እንደ ገበያ የሚያይ ሰው በየትኛውም ዘመን አለ፤ ጭምብልም ካባም አያስፈልገውም።

የገዛሁት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ አሻንጉሊት ከሚሸጥበት የቅዳሜ ገበያ ነው። ካርቶኑ የለም፣ የማንነት ካርዱም የለም። ሰውየው፣ ሽጉጡ፣ ማስወንጨፊያው ከነእግሩ፣ ሁለቱ ሚሳይሎችና የመተኮሻው ሪሞት በአንዲት ትንሽ ከረጢት ታስረው ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ስቶርም ሻዶው አንድ ሰይፉ ጎድሎ፣ ገላውም ወደ ቢጫ ዞሮ እንኳ ዋጋው የእሱን ብዙ እጥፍ ነበር። ይህ የዚያ ገበያ ብቻ አይደለም፤ ዋጋ ስከታተል የቆየሁበት ቦታ ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ሙሉ ዕቃው ያልጎደለ ስክራፕ-አይረን ሙሉ ዕቃው ካልጎደለ ፋየርፍላይ እጅግ በወረደ ዋጋ ይገኛል።

መልኩን ላንሳ። ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ቀይም ገባ ገባ ብሎበታል። ራሱ ላይ ሄልሜት አለው፣ ገላውን የሚጠብቅ ወፍራም መከላከያ ለብሷል፣ ፊቱ ግን አልተሸፈነም። ያ ፊት ጠባሳ አለው። ጉድለትን የሚጸየፍ ሰው ራሱ ከሙከራዎቹ በአንዱ ፊቱ ላይ ጉድለት ተትቶበታል ብዬ ነው የማነበው፤ ካርዱ ይህን አይልም፣ ቅርጹን የሠሩት ግን እንድናስብ የፈለጉ ይመስለኛል። አጠገቤ አድርጌ በመብራት ሥር ስመለከተው ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ይሄ ፊት ነው። የ1982 እና የ1983 ሰዎች ብዙዎቹ ፊታቸው ይመሳሰላል፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ የአንድ ቅርጽ ፊት ይጋራሉ። በ1984 ግን እያንዳንዱ የራሱን መልክ አግኝቷል፣ የስክራፕ-አይረን ፊት ደግሞ የደከመው፣ የተናደደው፣ በሥራ ላይ ያለ ጎልማሳ ፊት ነው። በእነዚያ ዓመታት ለሃስብሮ ፊገሮቹን፣ ማለትም እነዚህን ትንንሽ ሰዎች፣ ይነድፍ የነበረው ሮን ሩዳት ነው፤ ልብስን ከሙያ ጋር የማዛመድ ችሎታውን እዚህ ላይ አያለሁ። ይህ ሰው የለበሰው ፍንጣሪ ሊመልስ ነው።

ሰማያዊው ቀለም ሌላም ጥቅም አለው። ተራዎቹ የኮብራ ወታደሮች ከ1982 ጀምሮ ሰማያዊ ናቸው፤ ኮማንደሩም የመጀመሪያ ልብሱ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ስክራፕ-አይረን ከእነሱ ጋር ሲሰለፍ የአንድ ጦር ሰው ይመስላል። ስቶርም ሻዶውን በነጭ፣ ባሮነስን በጥቁር፣ ፋየርፍላይን በግራጫ ቡራቡሬ መሃላቸው ስታቆሟቸው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይወጣሉ፤ ለፖስተር ጥሩ ነው። የጦር ሠራዊት ለመደርደር ለሚፈልግ ግን ሰማያዊውን ረድፍ የሚያሟላለት መኮንን የሚመስል ሰው ያስፈልገዋል። እኔ መደርደሪያዬ ላይ ስክራፕ-አይረንን በሁለት ሰማያዊ ወታደሮች መካከል ካቆምኩት ወዲህ የኮብራ ወገን ከስብስብ ወደ ክፍለ ጦር ተቀይሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማስወንጨፊያው። የዚያ ዓመት ሰዎች አብዛኞቹ መሣሪያቸው እጃቸው ላይ ወይም ጀርባቸው ላይ ነው። የስክራፕ-አይረን መሣሪያ መሬት ላይ ነው። መድረኩ አለ፣ ከሥሩ ደግፎ ወደ ላይ የሚያቃናው እግር አለ፣ ሁለቱ ሚሳይሎች ላዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሪሞቱ ለብቻው ነው። ስፕሪንግ የለውም፤ ምንም ነገር ብድግ ብሎ አይተኮስም። በኋለኞቹ ዓመታት ጂ አይ ጆ በስፕሪንግ በሚተኮሱ ትልልቅ ሚሳይሎች ሲሞላ መሣሪያዎቹ ከሰዎቹ በላይ ገዘፉ። ይሄ ግን ልኩን የጠበቀ ነው። ሰውየውን ከጎኑ ስታንበረክኩት ቁመናው እውነት ይመስላል።

የማስወንጨፊያው እግር ትንሽ ናት፣ ትጠፋለችም። ያለ እሷ ማስወንጨፊያው ማቶት እንደሌለው ጀበና ነው። አሮጌ ስክራፕ-አይረን የምትገዙ ከሆነ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ስለ እግሯ ይሁን፣ ቀጥሎ ስለ ሪሞቱ። ሚሳይሎቹ አንድ ብቻ ቢኖር ያስኬዳል።

ከጥቂት ወራት በፊት አጎቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተው ነበር። በደርግ ዘመን በውትድርና ብዙ ዓመት አሳልፈዋል። መደርደሪያዬን በዝምታ ሲመለከቱ ቆዩና ስክራፕ-አይረንን አንስተው፣ «ይሄኛውስ ማሊዩትካ ነው የያዘው» አሉ። ቁጭ ብለው አስረዱኝ፣ እኔም ከዚያ በኋላ አንብቤ አሟላሁት። ማሊዩትካ ምዕራባውያን ሳገር የሚሉት፣ በ1963 የሶቪየት ጦር የታጠቀው በሽቦ የሚመራ ፀረ-ታንክ ሚሳይል ነው። በሻንጣ ይሸከሙታል፤ የሻንጣው ክዳን ራሱ ማስወንጨፊያ ይሆናል። ተኳሹ ከሚሳይሉ ጋር አይቀመጥም። መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ይዞ እስከ 15 ሜትር ድረስ ርቆ ይሸሸጋል፣ በትንሽ እጀታ እየመራ ሚሳይሉን ታንኩ ላይ ያሳርፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሚሳይሉ ሲነሳ አቧራና ጭስ ያስነሳል፣ የጠላት ምላሽም እዚያው ጭሱ ላይ ይወርዳል፣ ሰውየው ግን እዚያ የለም። በ1973 በሲና በረሃ የግብጽ እግረኛ ወታደሮች የእስራኤልን ታንኮች ያስደነገጡት በዚህ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሪሞቱን በሌላ ዓይን ነው የማየው። ቀድሞ ተጨማሪ ጌጥ ይመስለኝ የነበረው ነገር የሙሉው አሻንጉሊት ቁልፍ ሆኖ አገኘሁት። ስክራፕ-አይረንን ከማስወንጨፊያው ጋር አጣብቆ ማቆም ትክክል አይደለም። ራቅ አድርጎ፣ ከመጽሐፍ ወይም ከድንጋይ ጀርባ፣ ሪሞቱን አጠገቡ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ፎቶ ሳነሳው አሁን ሁሌም እንደዚያ ነው የማነሳው፤ ማስወንጨፊያው ከፊት፣ ሰውየው ከኋላ በጥላ ውስጥ። ካርዱ ላይ ያለው «ከርቀት የሚተኮስ» የሚለው ሙያ እንዲህ ሲታይ ነው ትርጉም የሚሰጠው፤ ላሪ ሃማ የሚጽፈውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ልዩነቱ የስክራፕ-አይረን ሚሳይል ሽቦ የለውም፣ በሌዘር ይመራል፤ ለዚያ ዘመን ይህ የቅርብ ጊዜ ቴክኖሎጂ ነው፣ ከመሣሪያ ነጋዴ ተቀጣሪም የሚጠበቀው እሱ ነው።

ሰው ሁሉ በኒንጃ ሲማረክ ያልተስተዋለ አንድ ነገር አለ። ጂ አይ ጆ ከመጀመሪያው የተሽከርካሪ መጫወቻ ነው። በ1982 ጀግኖቹ ሞባት የሚባለውን በባትሪ የሚንቀሳቀስ ታንክ፣ ቫምፕ የሚባለውን ጂፕ ይዘው መጡ፤ በ1983 ሚሳይል የተሸከመው ባለ ሰንሰለት ዎልቨሪን ተከተለ። ጀግኖቹ ገና ከጅምሩ ዛፕ የሚባል ባለ ባዙቃ ነበራቸው። ኮብራ ግን ለዚህ ሁሉ ብረት የሚመልስ እግረኛ ባለሙያ በነጠላ ካርቶን ያገኘው ስክራፕ-አይረን ሲመጣ ነው። የቀሩት ሦስቱ ሰው ይዋጋሉ፣ ይሰልላሉ፣ ያፈነዳሉ። እሱ ደግሞ የልጁ ቤት ውስጥ ካሉት መጫወቻዎች ሁሉ ትልቁንና ውዱን፣ ታንኩን፣ ያስቆማል።

ይህን በተግባር ያሳየኝ ልጄ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው፣ አሮጌዎቹን በሙሉ እንዲነካ አልፈቅድለትም፣ ስክራፕ-አይረንን ግን ፈቅጄለታለሁ፤ ዋጋው እንደ ሌሎቹ ስላልናረ ልቤ አይሰቀልም። ሞተሩ የማይሠራ አንድ ሞባት አለን፣ በእጅ ነው የምንገፋው። ጨዋታውን ያወጣው እሱ ነው፦ እኔ ታንኩን ከምንጣፉ ጫፍ በዝግታ እገፋለሁ፤ እሱ የማስወንጨፊያውን እግር ያቆማል፣ መድረኩን ያስተካክላል፣ ሚሳይሎቹን አንድ በአንድ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ሰውየውን ወስዶ ከትራሱ ጀርባ ይደብቃል። ሁሉን ጨርሶ ሪሞቱ ጋ ከደረሰ ታንኩ ተመታ። ታንኩ ከቀደመ ስክራፕ-አይረን ተማረከ። «አባዬ ቀስ በል፣ ገና አልጨረስኩም!» የሚለው ድምፅ ቤቱን ይሞላዋል።

እኛ ልጆች ሆነን ቪዲዮ ቤት በር ላይ «አክተሩ አይሞትም» እየተባባልን ነው ያደግነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመን እናውቃለን። በዚህ ጨዋታ ግን አይታወቅም፣ ምክንያቱም ክፉው ሥራ አለበት፤ ሥራው ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ልጄ የኮብራን ወገን የሚመርጠው ለዚህ ይመስለኛል። ስቶርም ሻዶውን ሰጥቼው አይቻለሁ፤ ለጥቂት ደቂቃ ሰይፍ አወዛወዘና ወደ ማስወንጨፊያው ተመለሰ።

ስለ ጥንካሬው። የዚያ ዘመን ፊገሮች አሠራር ካልገባ ጥገናው አይገባም። የላይኛው አካል ደረትና ጀርባ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ ብሎን ከጀርባ ያገናኘዋል፣ የብሎኑም ቀዳዳ የጀርባ ሻንጣ መሰኪያ ሆኖ ያገለግላል። እግሮቹ በብረት መንጠቆ ተያይዘዋል፤ መንጠቆውን ከላይኛው አካል ጋር የሚያስረው ኦ-ሪንግ የሚባል ጥቁር የጎማ ቀለበት ነው። ወገባቸው እንደ ልብ የሚዞረውና የሚጎነበሰው በዚህ ጎማ ምክንያት ነው። ጎማ ግን ያረጃል። ከ40 ዓመት በኋላ ወይ ይላላል፣ ወይ ደርቆ ይበጠሳል፣ ሰውየውም ለሁለት ይወድቃል።

የእኔ ሲገዛ ወገቡ ልል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ቀየርኩለት። አዲስ ጎማ በርካሽ ይገኛል። አነስተኛ ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቪቴ፣ ነጭ ፎጣ እና ብሩህ መብራት ይበቃል። ብሎኑን ስትፈቱ ሰውየውን በፊቱ አስተኙት፤ ጀርባውን ስታነሱ ጭንቅላቱና ክንዶቹ በቦታቸው ይቆያሉ። አሮጌውን ጎማ አውጥታችሁ አዲሱን በመንጠቆው አሳልፋችሁ ከውስጥ ባለችው ምሰሶ ላይ ታጠልቁታላችሁ። ስትዘጉ ብሎኑን አታጥብቁት። ፕላስቲኩ አርጅቷል፣ ብሎን ሲጠብቅ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ መቆሙን ካያችሁ ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ወራት በልጄ እጅ እየተጎተተ እንኳ ወገቡ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ከእነዚህ ፊገሮች ቀድመው የሚሰበሩት አውራ ጣቶቻቸው ናቸው። ወፍራም እጀታ ያለው ጠመንጃ በግድ ሲሰካ ጣቱ ይቀነጠሳል። ስክራፕ-አይረን እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ዋናው መሣሪያው መሬት ላይ ስለሚቀመጥ የእጁ ሥራ ቀላል ነው። አሮጌ ገበያ ላይ ሁለት አውራ ጣቱ ደህና የሆነ ስክራፕ-አይረን የማግኘት ዕድላችሁ የተሻለ የሚመስለኝም በዚህ ነው። ሽጉጡን መስጠት ከፈለጋችሁ እጁን ለጥቂት ጊዜ ሞቅ ባለ ውሃ ነክራችሁ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ አስይዙት። የጭኖቹ መገናኛ ሌላው ደካማ ቦታ ነው፤ እግሮቹን ወደ ጎን ፈልቅቆ ማስቀመጥ አይገባም።

ቀለሙ ከጠበቅሁት በላይ ቆይቷል። የነጭ ፕላስቲክ ዕጣ ቢጫ መሆን ነው፤ ስቶርም ሻዶውን የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ንጹሕ ነጭ ማግኘት ስለሚቸግር ዋጋው ይወደዳል። ጥቁር ሰማያዊው ይህ ችግር የለበትም። የእኔ በመስኮት አጠገብ አይደለም የሚቀመጠው፣ ፀሐይ ለማንኛውም አሮጌ ፕላስቲክ ጠላት ነው፤ ነገር ግን ከገዛሁበት ቀን ፎቶው ጋር ሳስተያየው ለውጥ አላየሁበትም። ያጠብኩት በለብታ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና ነው፣ ፊቱ ላይ ያለውን ቀለም ሳላሽ።

ጉድለቱንም መናገር አለብኝ፣ አንዱ ጉድለት ደግሞ ያናድደኛል። የ1984 ሰዎች አንገታቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚዞረው። ቀና የሚል፣ ዝቅ የሚል ባለ ኳስ አንገት የመጣው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1985 ነው። ሚሳይል ተኳሽ ደግሞ በደረቱ የሚተኛ ሰው ነው! ስክራፕ-አይረንን በደረቱ ስታስተኙት ፊቱ መሬት ያያል፣ ኢላማውን አያይም። አንድ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ይህ ፊገር ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አስባለሁ። አሁን የማደርገው በአንድ ጉልበቱ ማንበርከክ ነው፤ ጉልበቱና ጭኑ በደንብ ስለሚታጠፉ ያምርበታል፣ ግን መተኛት ነበረበት።

የጀርባ ሻንጣም የለውም። ጀርባው ባዶ ስለሆነ ከኋላ ሲታይ ያላለቀ ይመስላል፤ ያን ሁሉ ሚሳይል በምን ተሸክሞ እንደመጣም አይታወቅም። ለዚህ ያገኘሁት መላ ተሽከርካሪ መስጠት ነው። በ1983 የወጣው ሂስ የተባለው የኮብራ ታንክ ከኋላው ለሰዎች መቆሚያ አለው፤ ስክራፕ-አይረንን እዚያ አቁሜ ማስወንጨፊያውን አጠገቡ ሳስቀምጥ ነገሩ ይሟላል።

ሃስብሮ በ2020 የጀመረው ክላሲፋይድ የተሰኘው ትልቁ ተከታታይ ውስጥም ስክራፕ-አይረን አለ፤ 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ፀረ-ታንክ ድሮን ታክሎለታል። በጓደኛዬ ቤት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ይዤም ተመልክቼዋለሁ። ቅርጹ እጅግ ዝርዝር ነው፣ አንገቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዞራል፣ ጠባሳው በደንብ ተሠርቷል። ለመደርደሪያ ብቻ ለሚፈልግ ሰው እሱን እመክራለሁ፤ በድሮን መተካቱም ለባሕርይው ይስማማል፤ መሣሪያ ሞካሪ ከዘመኑ ጋር ይሄዳል። ለእኔ ግን ድሮኑ አንድ ነገር ወስዶበታል። አሮጌው ሰው መሣሪያውን በእጁ ተክሎ፣ አስተካክሎ፣ ሸሽቶ የሚጠብቅ ነው፣ አዲሱ አጠገቡ የሚሄድ ማሽን አለው። ያ የመጠበቅ ጊዜ ነው ልጄን ምንጣፉ ላይ የሚያቆየው።

ለማን እንደሚሆን ከተጠየቅሁ፦ የድሮውን ጂ አይ ጆ ለመጀመር አስቦ በስቶርም ሻዶው ዋጋ ለደነገጠ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ስም ለሚሰበስብ፣ ለመሸጥ አስቦ ለሚገዛ አይሆንም፤ ዋጋው ለዓመታት ዝቅ ብሎ ቆይቷል፣ ይነሳል ብዬ አልዋሽም። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ባለበት ቤት ማስወንጨፊያውን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ሚሳይሎቹና እግሯ አፍ የሚገቡ ናቸው።

ስትገዙ ሻጩ ፊገሩን አቁሞ፣ ቀጥሎ በጎን፣ ቀጥሎ ከጀርባ ፎቶ እንዲያነሳ ጠይቁት። ክርኖቹ ላይ ስንጥቅ መኖሩን እዩ፤ ከጀርባ ብሎኑ ዝጎ ከሆነ ለመፍታት ያስቸግራል። ማስወንጨፊያው ተተክሎ፣ በራሱ እግር ቆሞ የተነሳ ፎቶ ካላያችሁ እግሯ የለችም ማለት ነው ብላችሁ ዋጋውን ተደራደሩ። እኔ አሁን የምፈልገው የማንነት ካርዱን ነው፤ በቀጥታ ከካርቶኑ የተቆረጠ፣ ጠርዙ የሕፃን መቀስ የነካው ቢሆንም አይከፋኝም።